ራውተር ከመግዛት በፊት

በዚህ ወር አምዳችን በቤት ውስጥ ስለሚያዝ ሙያ፣ በተለይም ስለ አንድ የእንጨት ሥራ መሣሪያ እንነጋገራለን።

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ለገበያ ከወጣ በኋላ ጥቂት ገንዘብ እጁ የገባ ገበሬም ሆነ ዕቁብ የደረሰው ነጋዴ፣ «ይህን ገንዘብ ሳይበተን በምን ላይ ላውለው?» ማለቱ አይቀርም። ከእነዚህ መካከል ልጃቸው እንጨት ሥራ ተምሮ የወጣላቸው አባቶች አሉ፤ ራሳቸው መጋዝና መላጊያ ይዘው በጓሯቸው የሚሠሩ ወንድሞችም አሉ። ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ኡስታዝ፣ ራውተር ልገዛ ነበር፤ የቱ ይሻላል?»

ራውተር ማለት በእጅ የሚያዝ፣ ከሥሩ ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው፣ በመካከሉ የቆመ ሞተር ምላጭ የሚያሽከረክርበት የኤሌክትሪክ መሣሪያ ነው። (ዛሬ ራውተር ሲባል የኢንተርኔቱ ዕቃ ቀድሞ የሚታወሰው ወጣት ብዙ ነውና፣ እኛ የምንለው የአናጢውን መሆኑ ይታወቅልን።) ምላጩ የትራፓኖ ፑንታ ይመስላል። ነገር ግን ፑንታ በጫፉ ወደ ታች ሲበሳ ይህኛው በጎኑም ይቆርጣል። የጣውላ ጠርዝ ያድቦለቡላል፣ ቦይ ያወጣል፣ ለማጠፊያ የሚሆን ቦታ ይጎደጉዳል፣ ፎርማ ተከትሎም ቅርጽ ይገለብጣል።

ሙያው የተከበረ ሙያ ነው። ነቢዩላህ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ እንደነበሩ በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ስለዚህ በእጁ ሠርቶ ለመብላት የተነሣን ሰው ልናበረታታው እንጂ ልናስፈራራው አንፈልግም። ይሁንና የቤተሰብ ገንዘብ አማና ነውና፣ ሱቅ ገብቶ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን አንሥቶ መውጣት ተገቢ አይደለም። ለጥያቄው የምንሰጠው መልስ በጥያቄ ይጀምራል፤ ምን ልትሠራበት?

ብዙው ሰው ራውተርን የሚያስበው ለጌጥ ነው። የብፌ ጠርዝ፣ የቁም ሳጥን በር፣ የአልጋ ራስጌ ይታየዋል። ይህ እውነት ቢሆንም በእኛ አስተያየት ለባለሙያው እንጀራ የሚሆነው ጌጡ ሳይሆን መገልበጡ ነው። ልጆች ቁርኣን የሚቀሩበትን ሎሕ እንውሰድ። አንድ መድረሳ 20 ሎሕ ቢያዝ በመጋዝና በመሮ ብቻ የሚሠራ አናጢ እያንዳንዱን ለየብቻው ለክቶ፣ ቆርጦ፣ እጀታውን ቀርጾ ቀናት ይፈጅበታል፤ ሃያዎቹም እኩል አይወጡለትም። ራውተር ያለው ግን በመጀመሪያ አንድ ፎርማ ከኮምፔንሳቶ በጥንቃቄ ይሠራል። ልፋቱ በሙሉ በዚያች ፎርማ ላይ ይለቅ! ከዚያ ጣውላውን ከፎርማው 2 ሚሊ ሜትር ያህል አስተርፎ በመጋዝ ይቆርጥና ፎርማውን ያጣብቅበታል። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ምላጭ ከራሱ ጋር እኩል ስፋት ያላት ትንሽ ኩሽኔታ አለችው። ኩሽኔታዋ ፎርማውን እየታከከች ስትሄድ ምላጩ የተረፈውን እየላጨ ጣውላውን ከፎርማው ጋር እኩል ያደርገዋል። ሃያኛው ሎሕ ከመጀመሪያው አይለይም። ቀጥሎ ምላጩን ቀይሮ ጠርዙን ዙሪያውን ያድቦለቡላል። ሎሕ ታቅፎ የሚውል ሕፃን እጁን ስንጥር ሲወጋው ያየ መምህር ይህች የመጨረሻዋ ሥራ ምን ያህል እንደምትጠቅም ያውቃታል።

ረሃል ግን ሌላ ነው። ከአንድ ጣውላ ተሰንጥቆ እርስ በእርሱ የሚቆላለፈው መታጠፊያው የመጋዝና የመሮ ሥራ ነው፤ ራውተር ጠርዙን ቢያሳምርለት እንጂ ያንን አይተካም። ይህንን የምንለው «ይህ ማሽን ሁሉን ይሠራል» እያለ የሚሸጥ ስለማይጠፋ ነው።

እንግዲህ በገበያ ላይ ያሉትን በሁለት ከፍለን ማየት ይቻላል። አንደኛው በአንድ እጅ የሚጨበጥ ትንሹ ራውተር ሲሆን ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ500 እስከ 700 ዋት ይደርሳል፤ በደቂቃም እስከ 30,000 ዙር ይሽከረከራል። ሁለተኛው ሁለት እጀታ ያለው፣ ሞተሩ በስፕሪንግ ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚጠልቀው ትልቁ ነው፤ ኃይሉ ከ1,200 ዋት ይጀምርና 2,000ን ያልፋል። ከላይ የጠቀስነው ሎሕ፣ የጠርዝ ማድቦልቦል፣ የፎርማይካ ጠርዝ ማስተካከል፣ የማጠፊያ ቦታና የቁም ሳጥን ጀርባ የሚገባበት ቦይ፣ ይህ ሁሉ በትንሹ ይሠራል። ትልቁ የሚያስፈልገው ለበርና ለመስኮት ሥራ፣ ለቁልፍ የሚሆን ጥልቅ ጉድጓድ ለማውጣት ወይም በወፍራም ምላጭ ሰፊ ቅርጽ ለማውጣት ነው። ስለዚህ በቤቱ ለሚጀምር ሰው ምክራችን ትንሹን እንዲገዛና የተረፈውን ገንዘብ ለምላጭ እንዲያውል ነው። የበርና የመስኮት ትእዛዝ ሲበዛለት ትልቁን ይጨምራል፤ ያን ጊዜም ትንሹ ሥራ አይፈታም።

ትልቁን የሚገዛ ሰው የፍጥነት መቀነሻ ያለውን ይምረጥ። ለምን? ለተማሪዎቻችን የምንሰጠውን ዓይነት ሒሳብ እንሥራ። ወርዱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ምላጭ ዙሪያው 157 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በደቂቃ 24,000 ጊዜ ሲዞር የምላጩ ጫፍ በሰከንድ ወደ 63 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ መሆኑ ነው! ከባሕር ዳር ጎንደር የሚሮጥ መኪና ግማሹንም አይደርስበት። ስለሆነም ምላጩ በሰፋ ቁጥር ዙሩ መቀነስ አለበት። እንዲህ ያለው ሰፊ ምላጭ በትንሹ ራውተር ላይ ፈጽሞ አይገጠምም።

አሁን ብዙ ሰው ወደማይጠይቀው፣ እኛ ግን ከዋቱ አስቀድመን ወደምንጠይቀው ነገር እንምጣ። ይኸውም የምላጩ ዘንግ የሚገባበት አንገት ነው። የአንዳንዱ ማሽን አንገት 6 ሚሊ ሜትር ነው። የሌላው ሩብ ኢንች ሲሆን ይህም 6.35 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። በትልልቆቹም እንዲሁ አንዱ 12 ሚሊ ሜትር ሲሆን ሌላው ግማሽ ኢንች፣ ማለትም 12.7 ነው። በዓይን ሲታዩ አይለዩም። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን ምላጭ ባለ ሩብ ኢንቹ አንገት ውስጥ ከትቶ ሲያጠብቁት የያዘ ይመስላል፤ የልዩነቷ 0.35 ሚሊ ሜትር ሞተሩ ሲነሣ ትገለጻለች። ምላጩ እየተንሸራተተ ወደ ታች ይወርድና ሥራውን ያበላሻል፤ ከባሰም ተፈናጥሮ ይወጣል። አንዳንዱ ሰው ክፍተቱን በወረቀት ወይም በቆርቆሮ ሊሞላ ይሞክራል። ይህ በራስ ዓይን መጫወት ነው። ስለዚህ ማሽኑም ሆነ እያንዳንዱ ምላጭ በሚገዛበት ጊዜ በካሊፐር ይለካ፤ ካሊፐር ከሌለ የብረታ ብረት ሠራተኛ ዘንድ ወስዶ ማስለካት ነው። አንድ ጊዜ የተመረጠው ልክ እስከ መጨረሻው ይጠበቅ፤ ሁለቱን ልክ በአንድ ሳጥን መቀላቀል አይገባም።

ሌላው የመብራት ጉዳይ ነው። በውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው «ወንድሜ ከአሜሪካ ይልክልኛል» ይላል። ስጦታው መልካም ነው፤ ነገር ግን የአሜሪካ ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ሲሆን የእኛ መሥመር 220 ነው። በቀጥታ የሰካው ሰው ስጦታውን ባንድ አፍታ ያቃጥላል። መቀነሻ ትራንስፎርመር መጠቀም ይቻላል፤ ሆኖም ለ1,400 ዋት ማሽን 2,000 ዋት የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልጋልና ዋጋው ከማሽኑ ጋር ይደመር። አንገቱም በኢንች መሆኑ አይረሳ። ከሳውዲ ዓረቢያ የሚመጣ አሮጌ ዕቃም ቢሆን በዚያ አገር ለብዙ ዓመታት በቤቶች 127 ቮልት ይሠራበት ስለነበር በማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያነቡ መሰካት አይገባም። ቤት ውስጥ የሚዘረጋው ገመድም ይታሰብበት። 1,400 ዋት ማሽን ከ6 አምፔር በላይ ይስባል፤ ለአምፖል የተዘረጋ ቀጭን ገመድ ይግላል። ቢያንስ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ ገመድ ይሁን፤ የተጠቀለለው ሁሉ ተፈትቶ ይዘርጋ።

አሮጌ መግዛት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ደህና የተያዘ የማኪታ ወይም የቦሽ አሮጌ፣ ስሙ ከተለጠፈበት አስመሳይ አዲስ ይሻላል። ሲገዙ ግን ማሽኑ ከመብራት ተነቅሎ አንገቱ በጣት ወደ ጎን ይነቅነቅ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ከዚያ ተሰክቶ ባዶውን ይዙር፤ በአየር መውጫው ሲታይ ካርቦኑ ላይ ክብ ሠርቶ የሚዞር እሳት ካለ ሞተሩ ታሟል ማለት ነው። የሚሸጠውም ወገን የሚያውቀውን ጉድለት ይናገር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ከተቆለለ እህል ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥቡን ያገኙበትን ታሪክ ሩዝ ገዝቶ የሚያውቅ የወረታ ሰው ሁሉ ያለ አስረጅ ይረዳዋል።

ስለ ምላጭ በአጭሩ፤ ጫፉ ካርባይድ የሆነውን ይግዙ። ተራው ብረት ለለስላሳ እንጨት ደህና ቢሆንም የኮምፔንሳቶና የኤምዲኤፍ ሙጫ ቶሎ ያደንዘዋል። ሠላሳና አርባ ሆኖ በሳጥን ከሚሸጠው ርካሽ ይልቅ አራት ጥሩ ምላጭ ይበቃል፤ አንድ ቀጥ ያለ፣ አንድ ባለ ኩሽኔታ ቀጥ ያለ፣ አንድ ማድቦልቦያ፣ አንድ ደግሞ ጠርዝ በሰያፍ የሚቆርጥ።

እንጨቱስ? ዋንዛ ለምላጭ ገር ነው፤ ወይራ ያደክመዋል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥ ከልክሎ እንደነበር ይታወሳል፤ ከዚያ ወዲህ የወጡ ሕጎችም ስላሉ ጣውላ ከመግዛት በፊት የወረዳውን ግብርና ቢሮ መጠየቅ ይበጃል። ከአዲስ ዘመን በላይ ያለው የጣራ ገዳም ደን እስከ ዛሬ የቆመው ጠባቂ ስላለው ነው። ከዚያም ሆነ ከሌላ ደን ያለ ፈቃድ የወረደ ጣውላ፣ ዋጋው ቢረክስም፣ የቁርኣን ሎሕ ሊሠራበት ቀርቶ የዶሮ ቆጥ አይሠራበትም። በግቢ የተተከለ ግራቪሊያ ለብዙ ነገር ይሆናል። ባሕር ዛፍ ግን ሳይደርቅ ከተሠራ ይሰነጠቃል። የሜዳችን ክረምት እርጥብ ነው፤ በነሐሴ የተሠራ እርጥብ ጣውላ በጥር ይጣመማል። በጥላ ሥር፣ በመካከሉ አየር እንዲገባ እየተለያየ ተደርድሮ ይድረቅ።

የቀረው ቤቱ ነው። የእንጨት ብናኝ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1995 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል። በኤምዲኤፍ ሙጫ ውስጥ ያለውንም ፎርማልዲሃይድ በ2004 እንዲሁ መድቦታል። ስለዚህ ሥራው ሊጥ ከሚቦካበትና ሕፃን ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ። ምድጃም አጠገቡ አይኑር፤ የደቀቀ ሰጋቱራ በቀላሉ እሳት ይይዛል። የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ከማሽኑ ጋር አብረው ይገዙ። የሚጮኽ ማሽን ነውና ጎረቤት አራስ ወይም በሽተኛ እንዳለው ሳይጠይቁ አይጀመር።

አሠራሩን በተመለከተ፣ የጣውላን የውጭ ጠርዝ ሲላጩ ማሽኑ ሰዓት ከሚዞርበት በተቃራኒ ይገፋ፤ የመስኮት ክፈፍ ውስጡን ሲሠሩ ደግሞ እንደ ሰዓት አዟዟር ነው። ይህ ከተገለበጠ ምላጩ ጣውላውን ነክሶ ማሽኑን ከእጅ ይጎትታል። ጣውላው በሞርሳ ይታሰር። በትንሹ ራውተር ባንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይጠለቅ። ዘንጉ እስከ መጨረሻው ከገባ በኋላ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ተስቦ ይጠበቅ፤ ምላጭ በሚቀየርበት ጊዜ ሁሉ ሶኬቱ አስቀድሞ ይነቀል። ሥራው ሲያልቅ ምላጩ ከአንገቱ ወጥቶ በዘይት ጨርቅ ይጠረግ። የአንገቱ መፍቻ ደግሞ ከማሽኑ ተለይቶ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይሰቀል።

ወቢላሂ ተውፊቅ።