አድራሻ ያጣ የመኪና ጥሪ

ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የገባ መንገደኛ አስቀድሞ ካፖርቱን ያወልቃል፤ የይፋት ቆላ ሙቀት ግን ለአሮጌ ኮሮላም ያሰጋል፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ፣ ይኸውም በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሰው የሚያድነው ከረጢት፣ የሚነፋው በአሞኒየም ናይትሬት ነበር፡፡ ይህ ቅመም ለብዙ ዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይበላሻል፤ በግጭትም ጊዜ ከልክ በላይ ፈንድቶ የብረት ቀፎውን ይሰባብርና ስባሪውን በተሳፋሪው ላይ ይበትናል፡፡ በአሜሪካ ብቻ ከ20 የሚበልጡ ሰዎች ሞተውበታል፡፡ ቶዮታ በ2013 እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2004 የተሠሩ ኮሮላዎች ያሉባቸውን 1.7 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ለጥገና ጠራ፤ ታካታም በ2017 ከሰረ፡፡

ታዲያ የጥሪው ደብዳቤ የሚላከው በመዝገብ ላለው ባለቤት ሲሆን፣ አሮጌ መኪና ግን ከአገር አገር፣ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጦ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው፡፡ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ስለ ተከለከለም፣ ያሉት ገና ብዙ ዘመን ያገለግላሉ፡፡

መቸም የሻንሲ ቁጥር አይለወጥም፤ በሊብሬው ላይ ተጽፏል፡፡ ለቦሎ ምርመራ በሚቀርብበት ቀን ከአምራቹ ዝርዝር ጋር ቢመሳከር የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፡፡ የአምራቹ ወኪልስ ራሱ ያላስገባውን መኪና በነፃ ይለውጣልን? ይህን የሚመልሱት ወኪሎቹና የትራንስፖርት ሹማምንት ናቸው፡፡