ከዋክብትም ይሞታሉ

ስለ ሰማይ ስንሰብክ ብዙ ጊዜ የምናነሣው የከዋክብትን ብዛትና ውበት ነው። ከዋክብት እንደሚሞቱ ግን ከመድረክ ሲነገር እምብዛም አይሰማም። አንዳንዶቻችን ይህን መናገር የፈጣሪን ሥራ ማሳነስ ይመስለናል። ሌሎቻችን ደግሞ ወሬው በደረሰን ቁጥር የፍጻሜ ዘመን ምልክት ልናደርገው እንቸኩላለን። በእኔ እምነት ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ይበልጡን የሚጎዱት ደግሞ በትምህርት ቤት ይህን ተምረው እሑድ ጥያቄያቸውን ይዘው የሚመጡ ልጆቻችን ናቸው።

አስቀድመን ነገሩን እንወቅ። ኮከብ የሚያበራው በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ወደ ሂሊየም ሲለወጥ በሚወጣው ኃይል ነው። ይህ ኃይል ወደ ውጭ ይገፋል፤ የኮከቡ ክብደት ወደ ውስጥ ይጫናል። ሁለቱ እስከተመጣጠኑ ድረስ ኮከቡ ጸንቶ ይኖራል። ከፀሐይ ከስምንት እጥፍ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት ሃይድሮጅናቸው ሲያልቅ ሂሊየሙን፣ ቀጥሎ ካርቦኑን፣ ኒዮኑን፣ ኦክስጅኑን፣ በመጨረሻም ሲሊከኑን ያነዳሉ። ሃይድሮጅኑ ሚሊዮኖች ዓመታት ሲያቆያቸው ሲሊከኑ የሚበቃው ለቀናት ብቻ ነው። ከዚያ የሚቀረው ብረት ነው። ብረት ቢዋሐድ ኃይል ይወስዳል እንጂ አይሰጥም። ስለዚህ ድጋፍ ያጣው የኮከቡ እምብርት ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ራሱ ይደረመሳል፤ የውጭው ክፍል በታላቅ ፍንዳታ ይበተናል። ይህ ሱፐርኖቫ ይባላል።

በ1054 እ.ኤ.አ. የቻይና ሰማይ ተመልካቾች ለ23 ቀናት በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ አዲስ ኮከብ መዝግበዋል። ዛሬ በዚያው ስፍራ ክራብ ኔቡላ የተባለ እየሰፋ የሚሄድ ደመና አለ። በመካከሉም በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ይገኛል፤ ስፋቱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። እጅግ የከበዱት አንዳንዶቹ ደግሞ ብርሃን እንኳ የማያመልጠውን ጥቁር ጉድጓድ ትተው ያልፋሉ። በየካቲት 1979 ዓ.ም. በጎረቤት ጋላክሲ የአንድ ኮከብ ሞት ታየ። ብርሃኑ ከመታየቱ ከሰዓታት በፊት፣ ከእምብርቱ መደርመስ የወጡ ኒውትሪኖ የተባሉ ረቂቅ ቅንጣቶች በጃፓን፣ በአሜሪካና በሶቪየት ኅብረት ከምድር በታች በተተከሉ መሣሪያዎች ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ይህ እምነታችንን ያናውጣልን? መዝሙረኛው በመዝሙር 102 ሰማያትን ከሚያልቅ ልብስ ጋር አመሳስሏቸዋል። የማያረጀው አንድ እርሱ ብቻ መሆኑን ከማንም በፊት የተማርነው እኛ ነን።

ለምልክት የምንቸኩለውም እንታገሥ። በኢዮብ መጽሐፍ በስሙ በተጠራው በኦሪዮን ውስጥ ቤቴልጅዩስ የሚባል ቀይ ኮከብ አለ፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቶች ከደጃችን ሆነን እናየዋለን። በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሲደበዝዝ ብዙዎች ሊፈነዳ ነው አሉ። ዋናው ምክንያት ግን ከራሱ የወጣ አቧራ ብርሃኑን መጋረዱ ነበር፤ በወራት ውስጥም ተመልሶ ደመቀ። አንድ ቀን መፈንዳቱ አይቀርም፤ ያ ቀን ግን አሥር ሺህ ዓመታት ወይም ከዚያ በላይ ሊርቅ ይችላል። በእርሱ ላይ ቀን ቆርጦ የሚሰብክ ሰው ኮከቡ ሲደምቅ የሚያሳፍረው ወንጌሉን ነው።

የሚሞተው ኮከብ ከኋላው የሚተወው ግን ብዙ ነው። አሁን የምትተነፍሱት ኦክስጅን በአብዛኛው የተሠራው በእነዚህ ግዙፍ ከዋክብት ውስጥ ነው። በአጥንታችን ያለው ካልሲየምና በደማችን ያለው ብረትም ከእነርሱና ከሌሎች ከሚፈነዱ ከዋክብት የመጣ ነው። ዘፍጥረት 2 ሰው ከአፈር እንደተበጀ ሲነግረን፣ አፈሩ ራሱ ረጅም ታሪክ እንዳለው ዛሬ እናውቃለን። ይህ ፈጣሪን የሚያሳንስ ሳይሆን ትዕግሥቱን የሚያሳይ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ኮከቡ ስለ እኛ ሞተ ብሎ መስበክ ይቀልል ይሆናል። እኔ ግን አልሰብከውም። ኮከብ አያውቀንም፤ አይወደንምም። የሚሞተው ነዳጁ ስላለቀ ነው። ጌታችን ግን ሕይወቱን ማንም ሳይወስድበት በፈቃዱ ሰጠ፤ የሞተውም በስማችን እያወቀን ነው። አቧራችን ከከዋክብት ቢመጣም ቤዛችን ከዚያ አልመጣም። ልዩነቱን ካደበዘዝነው ሳይንሱንም መስቀሉንም እናበላሻለን።

ስለዚህ እናንት ወላጆችና የወጣቶች አስተማሪዎች፣ ልጅ ስለ ከዋክብት ሞት ሲጠይቅ “ዝም በል፣ እመን” አትበሉት። አብራችሁት ወደ ውጭ ውጡ፤ ኦሪዮንን አሳዩት፤ የምታውቁትን ንገሩት፤ ያላወቃችሁትን አብራችሁ አንብቡ። ቤተ ክርስቲያን ጥያቄውን ከፈራች ልጁ መልሱን እግዚአብሔር በማይጠራበት ስፍራ ይፈልጋል። ከዋክብትን በቁጥር የሚያውቅ አምላክ ልጆቻችን ስለ እነርሱ ቢጠይቁ አይደነግጥም። እኛም አንደንግጥ።