ጎራዴው ጨዋታ ሆነ፤ ጥበቡስ?

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር፣ የፓሪስ ኦሊምፒክ በሚካሄድበት ሰሞን፣ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ከምትገኝ አንዲት ቡና ቤት ተቀምጠን ነበር። በቴሌቪዥኑ ላይ ነጭ የለበሱ ሁለት ሰዎች፣ ወንፊት በመሰለ ጭምብል ፊታቸውን ሸፍነው፣ በቀጭን ሻምላ ይፋለማሉ። አንደኛው ተወረወረ፤ መብራት ቦግ አለ፤ ዳኛው እጁን አነሣ፤ ነጥብ ተቈጠረ። ከጐናችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ይህን አይተው፣ «ልጆቼ፣ ማን ነው የመታው? እኔ መብራት እንጂ ጎራዴ አላየሁም» አሉን። እኛም ሳቅን። ቤታችን ገብተን ነገሩን ስናሰላስለው ግን ጥያቄው የሚሳቅበት ሆኖ አላገኘነውም።

ፌንሲንግ የሚባለው ይህ የሻምላ ግጥሚያ እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና ከተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ጀምሮ የነበረ ስፖርት ነው። መሣሪያውም ሦስት ዓይነት ነው፤ ይኸውም ፎይል፣ ኤፔና ሳብር ነው። ፎይልና ሳብር ከ500 ግራም፣ ኤፔ ከ770 ግራም እንዳይበልጡ ደንቡ ያዛል። ተጋጣሚዎቹ የሚመላለሱት 14 ሜትር ርዝመት ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ሽማግሌው ያዩት መብራትም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሻምላው ከዓይን ይልቅ ስለሚፈጥን፣ ኤፔ በ1936፣ ፎይል በ1956፣ ሳብርም በ1992 በተደረጉት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ኤሌክትሪክ ምስክር እንዲሆንላቸው ተደረገ።

በአውሮፓ የሽማግሌውን ጥያቄ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። እነዚህ በተለይ ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የተበራከቱት፣ የጥንቱን የሻምላ ጥበብ ከአሮጌ መጻሕፍት እያነበቡ የሚለማመዱት ናቸው። ክርክራቸውን ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በኤፔ ሁለቱ ተጋጣሚዎች እኩል ቢነካኩ ለሁለቱም ነጥብ ይቈጠርላቸዋል። በስለታም ሻምላ በተደረገ ጠብ ግን እኩል መነካካት ማለት ሁለት ሬሳ ማለት ነው። ስለዚህ የጥንቱ ሰው ከመምታቱ በፊት አለመመታቱን ያስብ ነበር፤ የዛሬው ስፖርተኛ ግን በነጥብ እየመራ ከሆነ አብሮ መመታቱን ወዶ ሊያደርገው ይችላል።

እንዲህ ሲባል ግን ስፖርቱን መናቃችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 በሮም በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና የሶቪየቱ ቭላዲሚር ስሚርኖቭ፣ የተጋጣሚው ሻምላ ተሰብሮ ጭምብሉን ስለ በሳው ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ በኋላ ጭምብሉም፣ ልብሱም፣ የሻምላው ብረትም እንዲጠነክር ተደረገ። ስፖርት ማለት ተጋጥሞ፣ ተሸናንፎ፣ ተጨባብጦ በደኅና ወደ ቤት መመለስ ነው። ይህንንም የሚጠላ ልብ ያለው ሰው አይኖርም። ስሕተት የሚሆነው ጨዋታውን ከጥበቡ ጋር አንድ አድርጎ መቍጠር ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። እኛም የጦርነቱን ጥበብ ወደ ጨዋታ የለወጥንበት ጉግስ አለን። ፈረሰኛው በጦር ፈንታ ዘንግ ይወረውራል፤ የሚሸሸውም ጀርባውን በጋሻ ይመክታል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ የዓድዋን ጀግኖችና የፈረሶቻቸውን ውለታ እያሰበ በየዓመቱ በጥር ወር በዓሉን ያከብራል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ጨዋታው የፈረሱን ግልቢያና የፈረሰኛውን ድፍረት ጠብቆልናል። የጎራዴውን አመዛዘዝ፣ የጋሻውን አመካከት፣ የእግሩን አረጋገጥ ግን ጉግስ ብቻውን ሊነግረን አይችልም።

አውሮፓውያን የጠፋባቸውን መልሰው ለመፈለግ የቻሉት ጽፈው ስላስቀመጡ ነው። በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ በሚገኘው የጦር መሣሪያ ሙዚየም፣ ከ700 ዓመት ገደማ በፊት በጀርመን የተጻፈ አንድ የብራና መጽሐፍ አለ። በሥዕሉ ላይ አንድ ቄስ ደቀ መዝሙሩን ሻምላና ትንሽ ጋሻ አያያዝ ሲያስተምር ይታያል። በኢጣልያም ማሮጾ በ1536፣ ካፖ ፌሮ በ1610 የየራሳቸውን መጽሐፍ አሳትመዋል። መምህራኑ ከሞቱ ብዙ መቶ ዓመታት ቢያልፉም ተማሪ አላጡም። ብራና ፍቀን፣ ቀለም በጥብጠን ስንጽፍ የኖርን እኛስ? የኢትዮጵያ ወታደር ጎራዴውን በቀኝ ጐኑ ይታጠቅ እንደ ነበረ በየፎቶግራፉ እናያለን። አመዛዘዙን ግን በአሥራ ስድስት ዓመት ትምህርታችን ውስጥ ያስተማረን አንድ ገጽ እንኳ አላገኘንም።

አሁን የራሳችንን ጥፋት እንናገር። ሽማግሌው መሳቃችንን አይተው ዝም አላሉም። «አባቴ አርበኛ ነበሩ፤ እንዲህ አድርገው አሳይተውኛል» ብለው የስኒውን ማስቀመጫ በግራ እጃቸው አንሥተው ጋሻ አደረጉት። ቀኝ እጃቸው ወደ ቀኝ ጐናቸው ወረደች፤ ግራ እግራቸው ቀደመ፤ ጋሻው ፊታቸውን ከልሎ ዞረ፤ በዚያ ሽፋን ሥር የሌለው ጎራዴ ተመዘዘ። ያ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ወዲያው ረዳቱ «ቢሾፍቱ! ቢሾፍቱ!» እያለ ሲጣራ ሰምተው፣ ሒሳባቸውን ከፍለው፣ መርቀውን ሄዱ። እኛ የተማርነው ሰዎች በኪሳችን እስክሪብቶ ነበረን። በእጃችንም ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ ይዘን ነበር። አንድ መሥመር አልጻፍንም፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅንም።

ስለዚህ ለክረምት ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪ አያቱን ጠይቆ፣ አይቶ፣ ሥሎ ይመለስ። በባህል መሥሪያ ቤት የተቀመጠ ወጣት ሹምም እንግዳ በመጣ ቍጥር ጎራዴና ጋሻ ማሳየቱ ብቻ ሥራ አይምሰለው፤ የሚያውቁትን ፈልጎ ቃላቸውን ይመዝግብ። ጎራዴው ተመልሶ ሰው ይቍረጥበት አንልም፤ ሰገባው ውስጥ መቅረቱ መልካም ነው። ዕውቀቱ ግን አብሮት ሊቀበር አይገባም። ሽማግሌው የተሳፈሩበት አውቶቡስ ሄዷል፤ የሚቀጥለው እስኪሞላ ግን ጥቂት ጊዜ አለን።