የሚነገረውና የሚዘለለው፦ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የአስጎብኚ ትረካ ላይ የቀረበ አስተያየት

የአዲስ አበባን ታሪካዊ ስፍራዎች በግማሽ ቀን ማየት የሚሻ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚመራበት መንገድ አጭር ነው። ከአምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ይነሣል፤ ዳገቱን ሽቅብ ተጉዞ በስድስት ኪሎ አደባባይ የየካቲት 12 ሰማዕታትን ሐውልት ይመለከታል፤ ከዚያም በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ በር ገብቶ በዛፎች ጥላ ሥር ጥቂት ከተራመደ በኋላ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደጃፍ ይቆማል። ሕንጻው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ማደሪያ ነው። መንገዱ በእግር ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚሸፍነው ዘመን ግን ከድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ይጀምራል።

በዚህ መንገድ ላይ ጎብኚው ከሚያየው ይልቅ የሚሰማው ይበዛል። ቅርስ በራሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት አስጎብኚው ነው። የታሪክ መጽሐፍ ገልጦ የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ ከውጭ አገር የመጣ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ ለስብሰባ የመጣ እንግዳ፣ ሁሉም ስለዚያ ቤት የሚይዙት እውቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአንድ ሰው አንደበት የሚወጣውን ነው። ስለዚህ የአስጎብኚን ትረካ እንደ ማስተናገጃ ብቻ መቁጠር ስሕተት ነው፤ ትረካው ራሱን የቻለ የታሪክ አጻጻፍ ነው፤ በቀለም ሳይሆን በቃል የሚጻፍ መሆኑ ብቻ ይለየዋል። እንደማንኛውም የታሪክ ሥራም ምን እንዳካተተና ምን እንደተወ ሊመረመር ይገባዋል።

በገነተ ልዑል የሚደረገውን ጉብኝት በዚህ ዓይን ለሚመለከት ሰው አንድ ነገር ጎልቶ ይታየዋል። ባዕድ በቤቱ ላይ ያደረሰው ቁስል በዝርዝርና በኩራት ይነገራል፤ ወገን በወገን ላይ ያደረሰው ግን ወይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል ወይ ጨርሶ ይዘለላል።

በቁስሎቹ መካከል ያለው የአነጋገር ልዩነት ከሕንጻው ውጭ ይጀምራል። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሠሩት፤ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ላለፈው ለእያንዳንዱ ዓመት ምልክት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ከነጻነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ በመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። አፍርሶ ከመጣል ይልቅ በላዩ ላይ መቀመጥ የበለጠ ምላሽ መሆኑን ያሰበው ማን እንደሆነ ባይነገርም፣ ሐሳቡ ብልኅነት አለው። አስጎብኚዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ጎብኚውም ፈገግ ብሎ ይሰማል።

ከደረጃው ቀጥሎ የሚመጣው የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ታሪክ ነው። ግራዚያኒ መኖሪያው ባደረገው በዚህ ግቢ ውስጥ ለድኾች ምጽዋት ለማደል በቆመበት ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት እስከ ዛሬ ይለቀሳል። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነበር። ይህ ታሪክ ከግቢው በር ውጭ በድንጋይ ቆሟል፤ በየዓመቱም አበባ ይቀመጥለታል። አስጎብኚው ይህን ሲተርክ ድምፁን ዝቅ አያደርግም፤ ማድረግም የለበትም።

ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ትረካው መልኩን ይለውጣል። ሙዚየሙ የኢትዮጵያ ሕዝቦችን ባህል ያሳየበት መንገድ የሚደነቅ ነው፤ ዕቃዎቹ በብሔረሰብ ወይም በክልል ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ዑደት፣ ከልደትና ከልጅነት እስከ ሞት፣ ተሰድረዋል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና የመታጠቢያ ቤታቸው፣ የእቴጌ መነን ክፍልም፣ እንደነበሩ ሆነው ይታያሉ። ጎብኚ በአልጋው ማነስ ይገረማል፤ በመታጠቢያ ቤቱ ዘመናዊነት ይገረማል። ስለ ልብሱ፣ ስለ ስጦታው፣ ስለ ንጉሡ የየዕለት ልማድ ይነገረዋል። ከላይ ባለው ፎቅ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችና መስቀሎች ይጠብቁታል። ቤተ መንግሥቱ በዚህ ሁኔታ የአንድ ሰው ቤት ሆኖ ይታያል፤ ሰውየውም አንድ ቀን ደግ ተነሥቶ ቤቱን ለትምህርት እንደ ሰጠ ተነግሮት ጎብኚው ይወጣል።

ስጦታው እውነት ነው። ከስጦታው በፊት የሆነው ነገር ግን በዚያው ጣሪያ ሥር የሆነ ነው።

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት አካሄዱ። እቴጌይቱ በጠና ታመዋል በሚል ሰበብ ሚኒስትሮችና መኳንንት ወደ ገነተ ልዑል ተጠሩ፤ የመጡት ተያዙ። የምድር ጦሩና የአየር ኃይሉ ለዙፋኑ ታማኝ ሆነው በመገኘታቸው ከተማው የጦር ሜዳ ሆነ። ውጤቱ ሲታወቅ አድራጊዎቹ ከቤተ መንግሥቱ ከመሸሻቸው በፊት በአረንጓዴው ሳሎን ይዘዋቸው በነበሩ ሰዎች ላይ ተኮሱ። 15 ያህል ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ መካከል የአፄ ዮሐንስ አራተኛ የልጅ ልጅ ራስ ሥዩም መንገሻ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ፣ ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊና ራስ አበበ አረጋይ ይገኙበታል።

በራስ አበበ ስም ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል፤ የትረካው ክፍተት በእርሳቸው ሕይወት ላይ ከሁሉ ይልቅ ገሃድ ይሆናልና። ራስ አበበ አዲስ አበባ ስትያዝ ወደ ሸዋ ገጠር ወጥተው አምስቱን ዓመት ለጠላት ሳይገብሩ የተዋጉ የአርበኞች አለቃ ነበሩ። ደረጃውን የሠሩት ሰዎች ሊይዟቸው ያልቻሉት ሰው ግራዚያኒ ይኖርበት በነበረው ቤት ውስጥ በወገን ጥይት ወደቁ። አስጎብኚው ከውጭ ስለ ደረጃው ሲናገር ስማቸውን ሊያነሣ ይችላል፤ ከውስጥም ስማቸው የሚነሣበት ክፍል አለ። ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ከአንድ የታሪክ ምዕራፍ የበለጠ ሊያስተምር ይችል ነበር። ገዳዮቹም ቢሆኑ በቀላሉ የሚፈረድባቸው አይደሉም፤ ገርማሜ በአሜሪካ ተምሮ የተመለሰ፣ የአገሩ ድህነት ያንገበገበው ሰው ነበር። ጄኔራል መንግሥቱ በዚያው ዓመት በመጋቢት በስቅላት ተቀጡ። ይህን ሁሉ ለአንድ ወገን ሳያደሉ መናገር ከባድ ነው፤ ከባድ መሆኑ ግን ለመዝለል ምክንያት አይሆንም።

ዝምታ ባለበት ደግሞ ስሕተት ቦታ ያገኛል። በንጉሡ ክፍል መስታወት ላይ ስለሚታየው የጥይት ምልክት አልፎ አልፎ የሚነገረው ከ1966ቱ አብዮት ጋር የሚያያዝ ነው። በ1966 ዓ.ም. ግን ይህ ቤት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ከአሥር ዓመት በላይ አልፎት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት እንጂ ከዚህ አልተወሰዱም። በቀኑ መሳሳት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። የታኅሣሥ 1953 ታሪክ ባልተነገረበት ክፍል ውስጥ ግን ጥይት ያየ ሰው የሚያውቀውን ብቸኛ አብዮት ቢጠራ አይፈረድበትም።

የስጦታው ትርጉምም በዚሁ ይለወጣል። በግርግሩ ቀናት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች መፈንቅለ መንግሥቱን ደግፈው በአደባባይ ተሰልፈው ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ንጉሠ ነገሥቱ ሚኒስትሮቻቸው የተገደሉበትን መኖሪያ ለእነዚያው ተማሪዎች አስረከቡ። ይህ ይቅርታ ነበርን? ደም ከፈሰሰበት ቤት መሸሽ ነበርን? ወይስ የተማረውን ወጣት መልሶ ወደ ዙፋኑ ማቅረቢያ መንገድ? ለዚህ አንድ መልስ የለም፤ ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ጎብኚው ግን ጥያቄውን ይዞ መውጣት ይገባው ነበር። ማቅረቡ ታስቦ ከሆነም አልሠራም፤ በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያለ የወጣው ሰልፍ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበር። በታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በጥይት ተገደለ፤ በማግስቱ አስከሬኑን ይዘው በተሰበሰቡት ተማሪዎች ላይ የክብር ዘበኛ ጦር በግቢው ውስጥ ተኩሶ ሌሎችም ወደቁ። ክብር ዘበኛ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በዚህ ቤትና ግቢ ተኮሰ፤ አንድ ጊዜ በዙፋኑ ላይ ተነሥቶ፣ ሁለተኛው ዙፋኑን ሊጠብቅ።

ለዝምታው አስጎብኚዎችን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። አብዛኞቹ የሚናገሩት የተሰጣቸውን ነው፤ ጉብኝቱ አጭር ነው፤ እንግዳውም ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ አልጋው ነው። የሟቾቹም የገዳዮቹም ቤተሰቦች በሕይወት አሉ፤ በዚህ ከተማ ስለ ታሪክ ሲነገር ከቡድኑ መካከል የማን ልጅ እንደቆመ አይታወቅም። በዚያ ላይ ስለ ጣሊያን የሚናገር አስጎብኚ ሁሉም አድማጭ ከጎኑ ነው፤ ስለ 1953 የሚናገር ግን ገና አፉን ሲከፍት «አንተ የማን ወገን ነህ?» የሚል ዓይን ይመለከተዋል። ደመወዙ በዚያ ክርክር ላይ እንዲቆም የሚፈልግ የለም።

ይሁን እንጂ የወገንን ደም በጉብኝት ውስጥ መናገር የማይቻል እንዳልሆነ ይህችው ከተማ መስክራለች። በመስቀል አደባባይ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የ«ቀይ ሽብር» ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የቅርቡን ዘመን ግድያ ያሳያል፤ ካስጎበኙት መካከልም ከዚያ ዘመን እስራት የተረፉ ሰዎች ይገኙበታል። በ2012 ዓ.ም. በተከፈተው አንድነት ፓርክም ደርግ የንጉሡን ባለሥልጣናት ያሰረበት ምድር ቤት ከዙፋን አዳራሹ ጋር ለሕዝብ ይታያል። እርግጥ ነው፣ ስለ ወደቀ ሥርዓት ጥፋት መናገር ለሚቀጥለው ሥርዓት ሁልጊዜ ይቀልለዋል፤ በ1953 ጉዳይ ግን ጥፋቱን የሚጭኑበት አንድ ሥርዓት የለም። ለዚህም ይመስላል ማንም ያላነሣው።

ገነተ ልዑል ከሌሎቹ የሚለይበት ዕድል ደግሞ አለው፤ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለ ሙዚየም ነው። በጥቂት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ የታሪክ ትምህርት ክፍል፣ የመዛግብትና የመጻሕፍት ክምችት፣ ስለ 1953ም ስለ ተማሪዎች ንቅናቄም የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች አሉ። ሙዚየሙና ትምህርት ክፍሉ በየጊዜው የሚታደስ የአስጎብኚ መምሪያ በጋራ ቢያዘጋጁ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችም በተወሰኑ ቀናት ከቋሚ አስጎብኚዎቹ ጋር ቢያስጎበኙ፣ ወጪው ብዙ አይሆንም። መምሪያው ፍርድ እንዲሰጥ አይጠበቅም፤ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ቀን፣ ለማን ምን እንደሆነ፣ የታሪክ ጸሐፊዎች የሚለያዩበትም ነጥብ የት ላይ እንደሆነ ማስፈር ይበቃዋል። ለቤተሰቦች ስሜት መጠንቀቅ የሚቻለውም ስም ጠርቶ በአክብሮት በመናገር ነው፤ ስማቸው ያልተጠራ ሟቾች ዘመዶች በዝምታው ይጽናናሉ ብሎ መገመት ያስቸግራል።

የጉብኝቱም ቅደም ተከተል ቢለወጥ ይረዳ ነበር። ዛሬ ደረጃው የመግቢያ ጨዋታ ነው፤ እንግዳውን ካሳቀ በኋላ ወደ መኝታ ክፍሉ ይወሰዳል። በመጨረሻ ቢሆንስ? ጎብኚው መጀመሪያ ወደ ሳሎኑ ይግባ፤ የሞቱትን ስም ይስማ፤ ወደ ላይ ወጥቶ አልጋውንና መስታወቱን ይይ፤ ከዚያ ወርዶ ከደጃፉ ሆኖ ተማሪዎች በ1962 የቆሙበትን ሜዳ ይመልከት። አስጎብኚው ስለ ደረጃውና ስለ አንበሳው መናገር የሚጀምረው ያን ጊዜ ይሁን። ራስ አበበ አረጋይ ማን እንደነበሩ ለማስረዳት ሌላ ቃል አያስፈልገውም።