ያልወጣ ጥርስ አይነቀልም

ሰሞኑን ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አጠገብ የስምንት ወር ልጅ ያዘለች እናት አገኘሁ። ልጁን ያስቀምጠዋል፣ ሰውነቱም ይፋጃል። "ወዴት ነሽ እህቴ?" አልኳት። "ግግ ወጥቶበት ነው ወንድሜ፣ ላስነቅልለት" አለችኝ። "ጥርስ እኮ ነው!" ስላት ደነገጠች። "ጥርስ መሆኑን እስከ ዛሬ ማን ነገረኝ?"

እውነቷን ነው። ማን ነገራት?

ግግ በሽታ አይደለም። ድድ ውስጥ ያለ የወተት ጥርስ፣ በተለይ ክራንቻው፣ ለመውጣት ሲገፋ ነጣ ብሎ የሚታየው ነው። ልጅ በስድስት ወሩ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፤ መዳህ ሲጀምር ደግሞ ያገኘውን ሁሉ አፉ ይከታል። ተቅማጡ የሚመጣው ከዚያ ነው። ጥርሱም በዚያው ወራት ስለሚገፋ ጥፋቱ በእሱ ይላከካል። ትኩሳቱስ? በይፋት ቆላ ወባም ሊሆን ይችላል።

ድድን በስለት መፈልፈል ልጁን ለደም መፍሰስና ለቴታነስ ያጋልጣል፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። እስራኤል የገቡ የቤተ እስራኤል ልጆችን የመረመሩ የጥርስ ሐኪሞች ይህንኑ ጉዳት አይተው ጽፈዋል።

"ባህላችን ነው" ለምትሉ፦ መፋቂያም ባህላችን ነው፤ እሱን ማን ነካው?

"እናቶች ስላልተማሩ ነው" ለምትሉ ደግሞ፦ የተማርነውስ ምን ሠራን? በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር ከ16ቱ ፓኬጆች አንዱም በአፍ ጤና ስም አልነበረም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶችን ይቀጣል፤ የሚደርሰው ግን ልጁ ከተጎዳ በኋላ ነው። በየዓመቱ መጋቢት 11፣ የዓለም የአፍ ጤና ቀን ሲከበር፣ "በቀን ሁለቴ ጥርሳችሁን ቦርሹ" እንባላለን። ጥርስ ሳያወጣ ድዱ ለሚፈለፈል ሕፃን ብሩሽ ምን ያደርግለታል?

የምጠይቀው ሚሊዮን ብር አይደለም። እናት ልጇን በ14ኛ ሳምንቱ ለክትባት ስታመጣ ባለሙያው የልጁን አፍ ከፍቶ ያሳያት። "ይህ ጥርስ ነው፤ አትንኪው። ካስቀመጠው ኦአርኤስና ዚንክ፣ ካተኮሰው የወባ ምርመራ" ይበላት። ሁለት ደቂቃ ነው። የእሁዱ የሰንበቴ ገበያ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑም ይህንኑ ያስተጋቡ። ግግ የሚያወጡትም እናቶች ናቸው፤ ከማሰር በፊት ጠርተን እናስተምራቸው።

ያቺን እናት ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። የቆላ ልጅ ጥርስ ግን በአጋጣሚ መትረፍ የለበትም።