ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ መማር

ሰው የባዕድ ቋንቋ የሚማረው በሦስት ምክንያት ነው። ተገዝቶ በግድ ይማራል፤ ቸግሮት ለጥቅም ይማራል፤ ወይም በሰው ፊት ለመከበር ይማራል። ሕንድና ናይጄሪያ እንግሊዝኛን በመጀመሪያ የተቀበሉት ከገዦቻቸው እጅ ነው። ኢትዮጵያ ግን እንደነሱ የእንግሊዝ ግዛት ሆና አታውቅም። እንዲህም ሆኖ በኢትዮጵያ ያለ ተማሪ ይህን ቋንቋ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ይማራል፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲም ሒሳቡን፥ ሕክምናውንና ሕጉን የሚቀበለው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የትምህርትን ሥራ ለሚመራ ሹም፥ ሕዝብን ለሚመክር ካህንና ልጁን ለሚያስተምር አባት ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ተገቢ ነው።

አስቀድሞ ሊታሰብ የሚገባው፥ እንግሊዝኛ ከጥንት ጀምሮ የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ አለመሆኑ ነው። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ፥ እንግሊዝኛ፥ ጣልያንኛና ዐረብኛ ይሰጡ ነበር፤ ከእነዚህም መካከል ብልጫ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ የምድር ባቡር የፈረንሳይ ኩባንያ ሥራ ነበር፤ በዚያን ዘመን መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉበትም ቋንቋ ይልቁን ፈረንሳይኛ ነበር። ከፋሺስት ኢጣሊያ ወረራ በኋላ በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ግን ነገሩ ተለወጠ። የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞች ጋራ ስለ ገባ፥ መምህሩም መጽሐፉም በብዛት ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አገር ስለ መጣ፥ በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በእንግሊዝኛ አስተማሩ። እንግዲህ ቋንቋ የሚመረጠው ጥቅም በመጣበት መንገድ እንጂ በተፈጥሮው ከሌላው ስለሚበልጥ አይደለም።

ዛሬ ሰዎች እንግሊዝኛን ከሚመርጡባቸው ምክንያቶች አንደኛው ዕውቀት ነው። ሐኪም አዲስ የተገኘውን መድኃኒት፥ መሐንዲስም አዲስ የተፈለሰፈውን መሣሪያ ለማወቅ ቢሻ፥ በዓለም ላይ የሚታተመው የሳይንስ ጽሑፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ ከዚህ ቋንቋ ሊሸሽ አይችልም።

ሁለተኛው እንጀራ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ ኩባንያ ረዳትነት ሥራውን ከጀመረ ወዲህ፥ ለአብራሪውና ለመካኒኩ እንግሊዝኛ የሥራ ቋንቋ ሆኗል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዓለም አቀፍ መስመር የሚበሩ አብራሪዎችና ከምድር ሆነው የሚያነጋግሯቸው ተቆጣጣሪዎች የቋንቋ ችሎታቸው በፈተና እንዲረጋገጥ በዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ሕግ ተደንግጓል፤ ችሎታው ከሚለካባቸው 6 ደረጃዎች ቢያንስ 4ኛውን ማግኘት ግድ ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያ ዜግነት የሚጠይቅ ሰውም፥ ዕድሜው ወይም ሕመሙ ካላስማረው በቀር፥ እንግሊዝኛ መናገር፥ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል ይፈተናል። በአንጻሩ በዐረብ አገር ቤት ውስጥ ለምታገለግል ኢትዮጵያዊት ይበልጥ የሚጠቅማት ዐረብኛ፥ በእስራኤል ለሚኖረውም ዕብራይስጥ ነው። ይህም ቋንቋን የሚመርጠው ችግር መሆኑን ያስረዳል።

ሦስተኛው ምክንያት ክብር ነው፤ ይህ ግን ከሁለቱ ጋራ ሊቈጠር አይገባውም። ልጁ የእናቱን ቋንቋ በትክክል ሳይጽፍ እንግሊዝኛ በመንተባተቡ ደስ የሚለው አባት፥ አድማጭ ሁሉ የሚረዳው ቃል እያለ በባዕድ ቃል ንግግሩን የሚያስጌጥ ሹም፥ ሁለቱም «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለውን ይፈጽማሉ። ከዚህ ልማድ የሚገኘው ዕውቀት ሳይሆን የዕውቀት መልክ ብቻ ነው።

ጉዳቱ የሚከፋው በድኻው ልጅ ላይ ነው። በገጠር ያለ ተማሪ እንግሊዝኛ የሚሰማው በዚያው በአንዱ የትምህርት ሰዓት ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም መምህሩ ራሱ ቋንቋውን አጥርቶ አያውቅም። ይህ ልጅ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ያን ጊዜ ትርጓሜውን ሳያውቅ ቃሉን በቃሉ ይይዛል፤ በፈተናም ቢወድቅ የጎደለው አእምሮ ነው ወይስ ቋንቋ፥ ለይቶ የሚነግረው የለም። በከተማ ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ግን በሩን አልፎ ይገባል። ለሁሉ ይጠቅማል ተብሎ የተመረጠው ቋንቋ እንዲህ ባለጸጋውንና ድኻውን የሚለይ አጥር ሆኖ ከቀረ፥ የተመረጠበት ምክንያት ፈረሰ ማለት ነው።

ምርጫው መልካም ቢሆን እንኳ አፈጻጸሙ ካልተዘጋጀ የሚደርሰውን ችግር የሩዋንዳ መንግሥት ሥራ ያሳያል። ሩዋንዳ ከ1986ቱ የዘር ፍጅት በኋላ ከኡጋንዳና ከታንዛንያ የተመለሱት ልጆቿ እንግሊዝኛ ስለሚያውቁ፥ ከፈረንሳይ ጋራም ስለ ተቀያየመች፥ በ1999 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን ስለ ገባች፥ በ2001 ዓ.ም. ትምህርቷ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ እንዲዞር ቈረጠች። ምክንያቱ ሁሉ ሊነቀፍ የሚችል አልነበረም። ነገር ግን መምህራኑ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ የተማሩ ነበሩና፥ በ2003 ዓ.ም. ለታናናሾቹ ክፍሎች ኪንያርዋንዳ ተመለሰላቸው፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና በእንግሊዝኛ እንዲማሩ ተወሰነ። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» የሚለው ተረት ለመንግሥትም ይሠራል።

ኢትዮጵያ ግን የባዕድ ቋንቋ አያያዝን ከሌላ መማር አያስፈልጋትም፤ የቀደሙት አባቶች ትተውላታል። ቅዱሳት መጻሕፍትን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የመለሱት፥ በ14ኛው መቶ ዓመት በአባ ሰላማ መተርጉም ዘመን ከዐረብኛ ብዙ መጻሕፍትን የተረጐሙት፥ ፍትሐ ነገሥትንም ከዐረብኛ ያመጡት ሊቃውንት የሰውን ቋንቋ የተማሩት በግዕዝ ፈንታ ሊተኩት አልነበረም። ጥቂቶች ደክመው ተማሩ፤ ያገኙትንም በአገሩ ቋንቋ ለብዙዎች አካፈሉ። ባዕዱ ቋንቋ መንገድ ሆነ እንጂ ቤት አልሆነም።

ዛሬም ሊደረግ የሚገባው ይኸው ነው። እንግሊዝኛን መማር ይገባል፤ ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ መምህሩ ይማር፤ ልጁም በእናቱ ቋንቋ ማንበብንና ማሰብን አጽንቶ ይሻገር። እንግሊዝኛ የተማረ ሐኪምና መሐንዲስ፥ ያነበበውን ለገበሬውና ለእናቲቱ በሚገባቸው ቋንቋ መጻፍን እንደ ዕዳ ይቍጠረው። መጻሕፍት የሚተረጐሙበትን፥ የሙያ ቃላትም በአገር ቋንቋ የሚወሰኑበትን ሥራ መንግሥት በገንዘብና በሰው ያጽና። የቋንቋ ምሥጢር የሚያውቁ የቅኔና የመጻሕፍት መምህራንም ለዚህ ሥራ ተጠርተው ቢረዱ፥ ለአዲሱ ዕውቀት የሚስማማውን ቃል ከግዕዝ ለማውጣት ከእነርሱ የተሻለ አይገኝም። እንዲህ ከሆነ፥ ጥቂቶች በእንግሊዝኛ የሚቀስሙት ዕውቀት እንግሊዝኛ ለማያውቀውም ሕዝብ ይደርሳል።