አሰልቺ እና የሰለቸው

የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. የኦሮሚያዋን ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። ይህ ክብር ለአካባቢው ወጣት እንጀራ የሚሆነው ግን ከእንግዳው ጋር መግባባት ሲችል ነው። በወንጪ ሐይቅ ዳር፣ በሐሮ ወንጪ፣ ፈረስ አከራዩም፣ ጀልባ ቀዛፊውም፣ አስጎብኚውም በሚችሉት እንግሊዝኛ ያስረዳሉ። ድፍረታቸው ሊመሰገን ይገባል።

ሆኖም ከእነሱም፣ ከአምቦና ከጊንጪ ተማሪዎችም አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ስህተት አለ። ሰልችቶኛል ለማለት «አይ አም ቦሪንግ» ይላሉ። እንግዳው የሚሰማው «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» የሚል ነው። ትጉህ ወጣት ሳያውቀው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ መስማት ያሳዝናል።

«ቦሪንግ» የሚያሰለቸው ነገር ነው፤ «ቦርድ» የሰለቸው ሰው። ሐይቁ «ኢንተረስቲንግ» ነው፤ በሐይቁ የተማረከው ጎብኚ «ኢንተረስትድ»። ከሐይቁ ወደ ላይ የሚያወጣው ዳገት «ታየሪንግ» ነው፤ ዳገቱን የጨረሰው ሰው «ታየርድ»።

ልዩነቱ ለልጆቻችን ባዕድ አይደለም። በአማርኛ አድካሚውን ከደከመው፣ አስደሳቹን ከተደሰተው የሚያምታታ የለም፤ ከፊት የምትገባው «አ» ወይም «አስ» ትለያቸዋለች። አፋን ኦሮሞም አስደሳቹን «ገመቺሳ»፣ የተደሰተውን «ገመዳ» ብሎ ይለያል፤ የእሱ ምልክት የሚመጣው ከግሡ ሥር በኋላ ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

የኦሮሚያ ተማሪ እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይማራል። በእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ግን እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚቀርቡለት ለምርጫ ጥያቄ በሚሸመደድ ዝርዝር ነው። ፈተናው ሲያልፍ ዝርዝሩም አብሮ ይረሳል።

መምህራን ልጁ ከሚያውቀው ይነሡ። መጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው «የቱ ነው አድካሚው? ማነው የደከመው?» ብለው ይጠይቁት፤ እንግሊዝኛው ከዚያ ይከተል። አስጎብኚዎቹም አይዘንጉ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች በክረምት ወደ ወንጪ ሄደው ከእነሱ ጋር ቢለማመዱ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። መንገድና ማረፊያ መሥራት መልካም ነው፤ እንግዳውን የሚቀበለው ልጅ አንደበትም የዚያኑ ያህል ትኩረት ይገባዋል።